ሳይገዙ ቁጭ የሚባልበት ከተማ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ እና እናቴ

ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ግዛት ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን (መሃል ከተማ) ውስጥ ሰው ምንም ሳይገዛ ቁጭ የሚልበትን ቦታ ሁሉ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከጎንደር መጥታ እኛ ጋ መኖር ስትጀምር ትልቁ ጭንቀታችን ቀን ቀን የት ትዋል የሚለው ነበር። እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ነው የምንሠራው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ በሯ ክፍት ሆኖ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ የኖረች ሴት አፓርታማ ተዘግቶባት ከቴሌቪዥን ጋር ስትውል ምን እንደምትሆን፣ ወላጅ ያመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ካፌ ወስደን እንዳናስቀምጣት ደግሞ ለአንድ ስኒ ቡና አምስት ዶላር መክፈልን ከኃጢአት ትቆጥረዋለች።

ቀድመውን የመጡ ሰዎች ሲያወሩ እንደምሰማው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህ ሰፈር ሱቆቹ የተዘጉበት፣ ሲመሽ ሰው የማያልፍበት ነበር። መሃሉን ጠራርጎ ግዙፍ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል ለመገንባት ታቅዶ በ1996 ውድቅ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ቀስ በቀስ ነው። በ1938 የተሠራው ሲልቨር ቲያትር ታድሶ በ2003 ተከፈተ። በዚያው ዓመት ዲስከቨሪ የቴሌቪዥን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚህ አደረገ፤ ከተማዋም በእሱ ኮራች። ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ኒውዮርክ አዛወረ። ስለ ዳውንታውን ልማት ሲወራ እኔ ሁልጊዜ የማነሣው ይህን ነው፤ ኩባንያ ሲያዋጣው ይመጣል፣ ሳያዋጣው ይሄዳል። ለእናቴ የተረፋት ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሠራው ነው።

የሕዝብ ቦታ የሚባለውም ቢሆን ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። ምግብ ቤቶቹና ሲኒማው ያሉበት ኤልስዎርዝ መንገድ ለአልሚ በሊዝ የተሰጠ ነው። በ2007 አንድ ነዋሪ እዚያ መንገድ ላይ ፎቶ ሲያነሣ ጥበቃዎች መጥተው «ይህ የግል ይዞታ ነው» ብለው ከለከሉት። ሰዎች ተቆጡ፤ በጁላይ 4 በዓል ቀን ካሜራቸውን አንጠልጥለው በዚያው መንገድ ሰልፍ ወጡ። የካውንቲው ጠበቆችም ጉዳዩን መርምረው መንገዱ የሕዝብ መሆኑን፣ ሰውም እዚያ በነፃነት የመናገር መብቱ የተጠበቀ መሆኑን አረጋገጡ። ዛሬ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ እዚያ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ ማንም መጥቶ «ምን ፈለጉ?» የማይላት ለዚህም ጭምር ነው።

በ2010 የተከፈተው ቬተራንስ ፕላዛ የሚባለው አደባባይ ደግሞ የእሷ ደጀ ሰላም ሆኗል። በጋ ላይ ሙዚቃ አለ፤ የእኛ ማኅበረሰብ በዓልም የሚደምቅበት ነው። ክረምት ሲገባ የበረዶ መንሸራተቻ ይሆናል። መጀመሪያ ቀን የወሰድኳት ለአሥር ደቂቃ ታይና ብርዱን ፈርታ ትመለሳለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! አጥሩን ተደግፋ አንድ ልጅ በወደቀ ቁጥር «እኔን! እኔን ልጄ!» እያለች ደረቷን ትይዛለች። ከአጠገቧ ቆማ የልጅ ልጇን የምትጠብቅ የኤል ሳልቫዶር ሴት ነበረች፤ እሷም በራሷ ቋንቋ እንደዚያው ትላለች። ሁለቱ አንድ ቃል ሳይግባቡ ለልጆቹ አብረው ሲደነግጡ፣ ልጅ ሲነሣ አብረው ሲያጨበጭቡ አመሹ። አሁን ድረስ በምልክት ሰላም ይባባላሉ።

ፌንተን መንገድ ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ2015 ነው። እኔ ለልጆቼ ብዬ ነበር የምሄድበት፤ እናቴ ግን ሙቀቱንና መስኮቱን ወደደችው። ዜግነት ለማግኘት የሚያጠኑ፣ እንግሊዝኛ ለመለማመድ ክብ ሠርተው የሚቀመጡ ሰዎች ያጋጥሟታል፤ መቼም ሀበሻ አይጠፋም። በየሳምንቱ አዲስ ሰው ተዋውቃ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደመጣ ሁሉን አጣርታ ነው የምትመለሰው።

በ2024 ደግሞ ትልቁ የመዋኛና የስፖርት ማዕከል ተከፈተ። ከላዩ ኪራዩ አቅምን ያገናዘበ የአረጋውያን መኖሪያ አለ፤ ከታች መዋኛ ገንዳው፣ ጂሙ፣ የእግር መንገዱ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ሐኪሟ ውሃ ውስጥ እንድትራመድ መክሯት ነበር። የዋና ልብስ ለማስለበስ የተደረገውን ድርድር አልነግራችሁም፤ እጅጌው ረጅም፣ ታችኛው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ተፈልጎ ተገኘ። ወገቧ ድረስ ገብታ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ወዲያና ወዲህ ስትል ውላ ወጣችና «ጸበል ነው እንጂ ይሄ ገንዳ አይደለም» አለች። ከ2025 በጋ ጀምሮ የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ነፃ ስለሆነ ብቻዋን ትመላለሳለች። የአውቶቡሱን ቁጥር ለይታ ታውቃለች። አገሬን አገሬን ማለቱም ቀንሶላታል።

ይህን ሁሉ ደስታ ስናገር ግን ሌላውን ማለፍ አልችልም። ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ፐርፕል ላይን የሚባለው ባቡር ሊያልፍ ነው፤ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ። ግንባታው የተጀመረው በ2017 ሲሆን በ2022 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር። በ2020 የግንባታ ተቋራጮቹ ከግዛቱ ጋር በወጪ ተጣልተው ጥለው ወጡ፤ ሙሉ ሥራው እንደገና የተጀመረው በ2022 ነው። አሁን የሚባለው የ2027 መጨረሻ ክረምት ነው። ሐዲዱ በሚያልፍበት በቦኒፋንት መንገድ ዳርና ዳር ያሉት ሱቆች ትንንሾች ናቸው፤ ከመካከላቸው የእኛ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እንጀራ የምገዛባት ሴት እዚያው አካባቢ ናት። እትዬ ነው የምላት። ዱሮ እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ ሐሙስ ከሰዓት ሲገባ ሰው ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ደጃፏ ላይ አስቁሞ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ ሮጦ ገብቶ ሁለት እሽግ ይዞ ይወጣል። ንግዷ በዚያ አምስት ደቂቃ ላይ የቆመ ነበር። ቁፋሮው ሲጀመር ማቆሚያው ጠፋ፣ ደጃፏ በአጥር ተከለለ። «ክፍት ነን» የሚል ጽሑፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በካርቶን ጽፋ አጥሩ ላይ በሽቦ አሰረችው፤ ዝናብ ሲያጠፋው በሌላ ትቀይረዋለች። መደርደሪያው ላይ አቧራ ስታብስ አግኝቻት ምን ተሻለሽ ስላት፣ «ልጄ፣ ባቡሩስ ይምጣ፣ መልካም ነው። እኔ እስከዚያ የት ሆኜ ነው የማየው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የመኖሪያ ቤቱ ነገር በመጠኑ ተሻሽሏል። ካውንቲው በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ከ2024 በጋ ጀምሮ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ መብለጥ አይችልም፤ የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ከ6 ካነሰ ደግሞ ወሰኑ እሱ ይሆናል። እኛ ያለንበት ሕንፃ አሮጌ ስለሆነ በዚህ ተጠቅመናል። አዲስ ሕንፃ ግን ለ23 ዓመት ከሕጉ ነፃ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ጣሪያው ላይ ገንዳ አለው፣ ጂም አለው ብላ ከአዲሶቹ አንዱ ውስጥ ገብታ ነበር። ውሏ ሲታደስ የመጣው ደብዳቤ አስደንግጧት ልጆቿን ይዛ ከዚህ ራቅ ወዳለችው ጀርመንታውን ከተማ ሄደች። አፓርታማ የምትፈልጉ ወገኖች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ጂምና ገንዳ ለማግኘት ሲባል ውድ ሕንፃ ውስጥ መግባት የለባችሁም፤ የካውንቲው ማዕከል እዚሁ መሃል ከተማ ነው።

የሱቅ ኪራይን ግን ይህ ሕግ አይነካውም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ባቡሩ ሲመጣ የቦኒፋንት ቦታ ውድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አከራዩ ኪራይ ሲጨምር አቧራውንና ድርቁን የቻለችው እትዬ ትወጣና ሌላ ይገባበታል። ለካውንቲው ምክር ቤት አባላት ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ የምጠይቀውም ግንባታው ገበያቸውን ለዘጋባቸው ሱቆች ባቡሩ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሚዘልቅ የኪራይ ድጋፍ እንዲሰጥ ነው። አብራችሁኝ መፈረም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እስከዚያው መኪናችሁን ዌይን መንገድ ያለው ጋራዥ ውስጥ አቁማችሁ በእግር ኑ፤ ሱቆቹ ከአጥሩ ጀርባ ክፍት ናቸው።