«የሚኖሩት የት ነው?»

ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አሜሪካ የተጓዝኩት እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2024 ነበር። በፓስፖርቴ ላይ የተለጠፈው የሁለት ዓመት የጉብኝት ቪዛ ሊያበቃ ሦስት ወር ያህል ይቀረው ነበር፤ የመመለሻ ቲኬቴም ለዲሴምበር 5 ተቆርጧል። በቀደሙት ሁለት ጉዞዎች ከተፈቀደልኝ ጊዜ አንዲት ቀን እንኳ ስላላሳለፍኩ በአውሮፕላን ማረፊያው የፓስፖርት መቆጣጠሪያ መስኮት ፊት የቆምኩት ያለ አንዳች ስጋት ነበር። ወጣቱ መኮንን አሻራዬን ወሰደ፣ ፎቶግራፍ አነሣኝ፣ ኮምፒውተሩን ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያም ፓስፖርቴን ሳይመልስልኝ ተጨማሪ ምርመራ ወደሚደረግበት፣ የእኛ ሰዎች «ሰከንደሪ» ወደሚሉት ክፍል ላከኝ።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻዬን ሲሆን፣ ልጄ ከባሏና ከሁለት ትንንሽ ልጆቿ ጋር ቨርጂኒያ ትኖራለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቅሁ በኋላ የጠራችኝ መኮንን የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለምን እንደመጣሁ አልነበረም። «የሚኖሩት የት ነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ እንደሆነ ሳላመነታ መለስኩ። እርሷም በእርሳስ የጻፈችበትን ወረቀት ወደ እኔ አዞረችው።

ከኦክቶበር 10 ቀን 2022 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2023፣ 177 ቀን። ከኦገስት 6 ቀን 2023 እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2024፣ 178 ቀን። መጀመሪያ ከገባሁበት ዕለት አንሥቶ በተቆጠሩት 609 ቀናት ውስጥ 355ቱን ያሳለፍኩት በእርሷ አገር፣ 254ቱን ደግሞ «እኖርበታለሁ» ባልኩት ከተማ ነበር። አሁን የያዝኩት ቲኬት የሚሰጠኝ ቆይታም፣ ስንቆጥረው፣ እንደገና 178 ቀን ሆኖ ተገኘ። ሁለት ጊዜም ቀኑ ሊሞላ አራትና አምስት ቀን ሲቀረው መውጣቴን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው፣ ለወዳጆቼም በኩራት አውርቼው ነበር። በወረቀቱ ላይ ተደርድሮ ሳየው ግን ሰውየው የሚኖረው አሜሪካ፣ ለእረፍት የሚሄደው አዲስ አበባ እንደሆነ የሚናገር ይመስል ነበር።

ይህን የጻፍኩት ልጆቻቸው አሜሪካ በሚኖሩ ወላጆች ዘንድ እንደ ሕግ የሚነገር አንድ አባባል ስላለ ነው፤ «ስድስት ወር ትቀመጣለህ፣ ወጣ ብለህ ትመለሳለህ፣ እንደገና ስድስት ወር ይሰጡሃል» ይባላል። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ቪዛው ራሱ የመግቢያ ፈቃድ ሳይሆን፣ ድንበር ድረስ ሄዶ «አስገቡኝ» ብሎ ለመጠየቅ የሚያበቃ ወረቀት ነው፤ መግባትንም ሆነ የቆይታን ጊዜ የሚወስነው ድንበር ላይ ያለው መኮንን ሲሆን፣ ውሳኔው አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ስድስት ወር ስለሆነ፣ ሰው ልማዱን እንደ መብት ይቆጥረዋል። እኔም ከተፈቀደው ቀን ከ180 ቀናት በላይ አሳልፎ የወጣ ሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያሳለፈ ደግሞ አሥር ዓመት እንደሚታገድ በቃሌ ይዤ፣ ነገሩ ሁሉ በቀን መቁጠሪያ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

በእርግጥ በቀን መቁጠሪያ የሚያልቅበት ቦታ አለ። የአውሮፓ የሼንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ እንዳትቆይ ስለሚሉ፣ መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው ዕጣውን አስቀድሞ ያውቃል። አሜሪካ እንዲህ ያለ ቁጥር አላስቀመጠችም። የኢሚግሬሽን ሕጓ ጎብኚን ሲተረጉም በውጭ አገር ሊተወው የማያስበው መኖሪያ ያለው ሰው ይለዋል፤ አንቀጽ 214 ደግሞ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አመልካቹን ሁሉ ሊሰፍር እንደመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የማስረዳቱም ሸክም ድንበር ላይ ድረስ ይከተለዋል። ስለዚህ የመኮንኗ ጥያቄ ከሕጉ ልብ የወጣ እንጂ ወግ ለመጀመር የተጣለ አልነበረም።

ቀጥላ «እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ ልጆቹን ማን ይጠብቃል?» ስትለኝ ግን እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። አያት ከልጅ ልጁ ጋር መዋሉ በእኛ ዘንድ ስም እንኳ የለውም። እርሷ ግን የምታጣራው፣ እኔ ባልኖር ኖሮ ልጄ ደመወዝ ከፍላ ሰው ትቀጥር እንደነበረ፣ ማለትም ውሎዬ ጉብኝት ሳይሆን ሥራ መሆን አለመሆኑን ነው። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ ስድስት ወር እንደምቆይ ተማምነው ታናሹን ልጅ ከሕፃናት ማቆያው አስወጥተውታልና። ልጆቹን ወላጆቻቸው እንደሚያሳድጉ፣ እኔም በቤቱ እስካለሁ አብሬያቸው እንደምውል ነገርኳት። ልጄ የመኖሪያ ፈቃድ ልታወጣልኝ አመልክታ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ልጄ ያላት ግሪን ካርድ ነው፤ ለወላጅ ማመልከት የሚችለው ደግሞ ዜግነት ያገኘ ልጅ ብቻ ስለሆነ የቀረበ ማመልከቻ አልነበረም።

አዲስ አበባ ለመኖሬ ማስረጃ ስትለኝ የጡረታ ደብተሬን፣ የቤቴን ካርታ ቅጂና፣ በአጋጣሚ በኮቴ ኪስ የነበረውን የዕድር ደብተር አወጣሁ። እንግሊዝኛ አይቸግረኝም፤ ዕድርን ማስረዳት ግን አቃተኝና አስተርጓሚ እንዲመጣልኝ ጠየቅሁ። በስልክ የተገኘው ወጣት «አይዞዎት አባት» ብሎኝ ሲያበቃ፣ ዕድርን «የቀብር ኢንሹራንስ» ብሎ ተረጎመው። ኢንሹራንስ ድንኳን እንድትተክል አያዝህም፣ ከቀብር ስትቀርም አይቀጣህም ብዬ ተከራከርኩት፤ እርሱም በትዕግሥት ተረጎመላት። መኮንኗ ደብተሩን አገላብጣ፣ ወርኃዊ መዋጮው አንድም ሳይጎድል መከፈሉን ካየች በኋላ፣ አሜሪካ በነበርኩባቸው ወራት የከፈለው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኅቴ ናት አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

በዚያች ቅጽበት ትዝ ያለኝ የዕድራችን ጸሐፊ ነበር። ከሁለተኛው ጉዞ ስመለስ መዝገቡን ገልጦ የቀረሁባቸውን ቀብሮች ቆጠረልኝ፤ የቅጣቱን ደረሰኝ እየቆረጠም «ጋሼ፣ እርስዎን ከነዋሪ እንቁጠርዎት ወይስ ከእንግዳ?» አለኝና ተሳሳቅን። እኔ በቀልድ ያለፍኩትን ጥያቄ ይህች ሴት በመንግሥት ወረቀት ይዛዋለች። ሊወረውሩኝ የሚችሉበት መንገድም ብዙ ነበር፤ ባስ ካለ፣ ያለ ዳኛ ተፈጽሞ አምስት ዓመት የሚያሳግደው የተፋጠነ ማባረር ነው። ቀለል ካለ ደግሞ የመግባት ጥያቄዬን በፈቃዴ አንሥቼ፣ ተመላሽ አውሮፕላን ላይ መሳፈር ነበር።

ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝ ቲኬቴን መለወጥ እችል እንደሆነ ነው። እችላለሁ አልኩ። ከአለቃዋ ጋር ተመካክራ ስትመለስ በፓስፖርቴ ላይ ሴፕቴምበር 9 የሚል ቀን በእጇ ጽፋበት ነበር፤ ስድስት ወር መሆኑ ቀርቶ ሦስት። በጊዜው ቅር ብሎኛል። አሁን ሳስበው ግን ብዙ ሰው ያላገኘውን ዕድል ሰጥታኛለች።

ልጄ ውጭ አራት ሰዓት ያህል ቆማ ጠብቃኛለች። መኪና ውስጥ እንደገባን የነገርኳት ቀኑን ሲሆን፣ ዝም ብላ ጥቂት ከነዳች በኋላ «አባባ፣ የሕፃናት ማቆያው እኮ ወረፋ አለው» አለች። ክፍያው ከቤት ኪራይ ብዙም እንደማይተናነስ አውቃለሁና መልስ አልነበረኝም። በዚያ ክረምት የሠራነው ትልቁ ሥራ የእኔን አለመኖር ማደራጀት ነበር፤ ኦገስት ሲያልቅ ለታናሹ ቦታ ተገኘለት። ሴፕቴምበር 5 ተሳፈርኩ፣ 87 ቀን ሆነኝ፤ ለእንቁጣጣሽም አገሬ ደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁኔታው ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አዲስ የጉብኝት ቪዛ ሦስት ወር ብቻ የሚጸናና ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚያገለግል ሆኗል። ሦስት ወሩ ለመግባት የተሰጠ ጊዜ እንጂ የቆይታ ልክ አይደለም፤ ይህን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስላየሁ ነው የምጠቅሰው። በአንድ ቪዛ እየተመላለሱ ግማሽ ዓመት ግማሽ ዓመት መቀመጥ ግን፣ እንደ እኔ ላለው ሰው፣ በዚሁ ቀርቷል፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ ቆንስሉ ፊት እንደ አዲስ መቆም ግድ ነው።

ትልቋ የልጅ ልጄ በሚቀጥለው ሰኔ ከመዋዕለ ሕፃናት ስለምትመረቅ ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሰሞኑን መሙላት ጀምሬያለሁ። ቅጹ ያለፉትን አምስት ጉዞዎች ከነቆይታቸው ይጠይቃል፤ እኔ ያሉኝ ሦስት ናቸውና 177፣ 178፣ 87 ብዬ አሰፈርኩ። ምን ያህል ጊዜ ለመቆየት እንዳሰብኩ በሚጠይቀው ቦታ ላይ ሦስት ሳምንት ብዬ ጽፌ ለልጄ ላክሁላት። እርሷም ደውላ «አምስት አድርገው፣ አባባ» አለችኝ። አራት አደረግሁት።