አራብሳ የገባው ካዝና

ነገሩ የጀመረው በባለቤቴ አክስት ነው። ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ወርቃቸውንና የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው እኛ ጋ አስቀመጡ። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች። ፌስታሉ ከፍራሽ ሥር ወደ ጤፍ ጆንያ፣ ከጤፉ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ተዘዋወረ። ማሽኑ ጋ መድረሱን ያወቅሁት ልብስ ላጥብ ስል ነው። ወርቁ ለጥቂት ከኦሞ ተረፈ።

ካዝና ልንገዛ መርካቶ ወረድን። ሻጩ «የእሳት ነው የሌባ?» አለን።

ባለቤቴ «የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ በምን እናውቃለን?» አለች።

ሰውዬው ሙያውን ያውቃል። የእሳቱ በሁለት ላሜራ መሀል ሲሚንቶ መሰል ነገር ተሞልቶበታል። እሱ ያዘለው ውሃ ሲግል ስለሚተን ውስጥ ያለው ወረቀት ቶሎ አይቃጠልም። ላሜራው ግን ስስ ነው፤ ዲጂኖ የያዘ ሌባ ብዙ አይቸገርም። የሌባው ደግሞ ወፍራም ብረት ነው፤ እሳት ከመጣ ግን ካርታው ውስጡ ይጠበሳል። ሁለቱንም የሚችል አለ። እሱን ብንገዛ ግን ውስጡ የምናስቀምጠው ነገር አይተርፈንም። የእሳቱን ወሰድን። ሌባማ 4ኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ መውጣት አለበት።

ሰው እንዳያይ ብለን ሲመሽ በዳማስ ቦሌ አራብሳ ደረስን። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ጫኝና አውራጆቹ ከበቡን።

«ምንድን ነው?»

«ምድጃ ነው» አለች ባለቤቴ።

አንዱ ጠርዙን ይዞ ሊያነሳ ሞከረ፤ አልነቃነቅ አለው። «እህቴ፣ በዚህ ምድጃ ምንድን ነው የሚጋገረው? ድንጋይ?» ካርቶኑን በጣቱ ቀደድ አድርጎ አጮለቀ። የቁጥር መጫኛውን አየ። «አቦ፣ ካዝና ነው!»

ዋጋው እዚያው እጥፍ ሆነ።

«ባዶ እኮ ነው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ባዶውን ሊያስቀምጥ ካዝና የሚገዛ ማነው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ከፈልኩ። አወጣጡ ደግሞ ሌላ ነው። በየደረጃው መታጠፊያ «ዞር በሉ! ካዝና ነው! እግር!» እያሉ ይጮሃሉ። በር በበር ላይ ይከፈታል። 2ኛ ፎቅ ያሉት እናት ቡና እየቆሉ ነበር፤ መቁያውን እንደያዙ ወጥተው «ሞልቶ ይትረፍላችሁ!» ብለው መረቁን። ጭሱ ሳይቀር ተከትሎን ወጣ።

ካዝና በብሎን ካልታሰረ ሌባ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ለዚህ ነው ቀዳዳ የሚኖረው። ባለሙያው ትራፓኖውን ይዞ መጣና ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገ። «ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ብሎን የሚይዘው ፊሸር ላይዝ ይችላል» አለ። ብሎም በሳው። ትንሽ ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። የጎን ጎረቤታችን ናቸው፤ የሠርግ ሱፋቸውን ኮት በሁለት ጣት አንጠልጥለዋል።

«ጎረቤት፣ የመብሻችሁ ፑንታ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ገብቷል።»

በመጨረሻ ወለሉ ላይ አሰረው። ያውም 3ኛ ፎቅ ያሉትን ወርዶ ካስጠነቀቀ በኋላ።

የባለቤቴን አክስት ካርታ ላስገባ ስል የሻጩ ምክር ትዝ አለኝ። የእሳት ካዝና ውስጡ ርጥበት ስለሚይዝ ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። እና ካርታው ያው ፌስታሉ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ትርፍ ቁልፉን እንኳ ውስጥ አልቆለፍንበትም፤ የቁጥር መጫኛው ባትሪ ሲያልቅ በምን ሊከፈት? ቁልፉ አሁን ጤፍ ጆንያ ውስጥ ነው። እሱም እንቅልፍ እየነሳን ነው።

ሲነጋ ቡና የሚቆሉት እናት የባንክ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። «ለጊዜው ነው ልጄ።» የእድሩ ጸሐፊ ማህተሙንና የደረሰኝ ጥራዙን አመጡ። ሱፋቸው የተበሳው ጎረቤት እንኳ አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ፤ ከሱፉ በኋላ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ማታ ደግሞ የእቁቡ ሰብሳቢ በሩን አንኳክተው አንገታቸውን አስገቡ።

«እሁድ ትሠራላችሁ?»