ካፖርቱን አስመዝግበን አለፍን

እህቴ ዙሪክ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ብዙው ጎረቤቷ ድንበር ተሻግራ ጀርመን ትገበያያለች። ባለፈው ቅዳሜ እኔም አብሬያት ኮንስታንዝ ሄድኩ።

አንድ ካፖርት በ179 ዩሮ ገዛች። ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ሰልፉን አየት አድርጋ የቫት ማስመለሻ ቅጹን አልሞላም አለች። በጣም ተናደድኩ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ከ50 ዩሮ በላይ ሲገዛ ቫቱ ሊመለስለት ይችላል። ሱቁ የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ ግን በሩ ላይ "ታክስ ፍሪ" ብሎ ለጥፎ ደንበኛ ማጉላላት ምን ይሉታል? እህቴ ንቅንቅ አላለችም። በስተመጨረሻ ተሞላላት።

ክሮይዝሊንገን ከኮንስታንዝ ጋር የተጣበቀች የስዊስ ከተማ ናት፤ በእግር ይገባል። መጀመሪያ የጀርመን ጉምሩክ ጋ ተሰለፍን። ሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ደረሰኙንና ካፖርቱን ራሱን አየ። የዋጋ ወረቀቱ እጅጌው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ማህተሙን ጠብ አደረገው፤ ግን ለዚያች ማህተም የቆምነው መቆም!

እኔን ያስጨነቀኝ የስዊሱ ወገን ነው። ከቫት ነፃ የሚገባው ዕቃ በሰው እስከ 300 ፍራንክ ነበር፤ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 150 ሆኗል። ካለፈ ቫት የሚከፈለው በትርፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ዋጋው ላይ ነው። አንድ ካፖርት ደግሞ የሁለታችን ነው ተብሎ አይካፈልም። በዕለቱ ምንዛሬ 168 ፍራንክ ገደማ መጣ።

እህቴ ማንም ሳይጠይቃት ደረሰኙን ይዛ ገባች፤ እኔም ደስ አለኝ። ሠራተኛዋ በእርሳስ አንድ መስመር አሰመረችና "ቫቱ ለብቻው ስለተጻፈ ይቀነሳል" አለችን። ያለ ቫት 150.42 ዩሮ፣ ማለትም 141 ፍራንክ አካባቢ ነው። ምንም ሳንከፍል፣ መልካም ቀን ተብለን አለፍን። እንዲህ አረጋግታ የምታስረዳ የጉምሩክ ሰው ያብዛልን። እናንተም ቫቱ ደረሰኙ ላይ ለብቻው መጻፉን ሳታዩ ከሱቅ አትውጡ።

ከኋላችን የነበረው ሰውዬ ሦስት ኪሎ ሥጋ ይዟል። የሚፈቀደው በሰው አንድ ኪሎ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው በኪሎ 17 ፍራንክ ይከፈላል። 34 ፍራንኩን ቆጥሮ ሰጠ፣ ደረሰኙን ተቀበለ፣ ሄደ። ጭቅጭቅ የለ፣ ፍተሻ የለ።

ማህተም ያረፈበት ቅጽ ለሱቁ መመለስ አለበት። እህቴ 28.58 ዩሮዋን ለመቀበል በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ትሄዳለች።