አርማው የሌላ፣ ደመወዙ የሌላ

አሜሪካ ውስጥ በበረራ አስተናጋጅነት የምሠራበት አውሮፕላን ጭራ ላይ የተሳለው አርማ የቀጣሪዬ አይደለም። የቀጣሪዬ ስም ያለው ከመግቢያው በር ጎን ነው፤ መነጽሩን የረሳ መንገደኛ አያነበውም። ትኬቱን የሸጠው፣ ዋጋውን የተመነው፣ የበረራ ሰዓቱን ያወጣው ትልቁ አየር መንገድ ነው። አብራሪዎቹንና እኔን የቀጠረው ግን ሌላ፣ አነስ ያለ ድርጅት ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው ወደ ኮሎምበስ ከተማ የሚቀጥሉ መንገደኞች ትኬት ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር ሊኖር ይችላል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት በርበሬና ሽሮ የሞላ ሻንጣቸውን ከላይኛው ማስቀመጫ ሊያስገቡ ሲታገሉ አገኘኋቸው። በአማርኛ ሳናግራቸው «ልጄ፣ ለካ የኛው አየር መንገድ ነሽ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ፣ አንድ በረራ እንዴት ሦስት ስም እንደሚኖረው ማስረዳት የሚቻል አልነበረም። «አዎ እማማ» ብዬ ሻንጣውን ወደ ታችኛው የጭነት ክፍል ላክሁላቸው።

ለአገራችን ሰው ነገሩ ግራ ቢሆን አይገርምም። ጅማ ወይም ባሕር ዳር የሚያደርሰን ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላንም ሆነ ዋሽንግተን የሚያመጣን ትልቁ አውሮፕላን የአንድ ድርጅት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ግን መንግሥት በ1978 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዋጋና በበረራ መስመር ላይ የነበረውን ቁጥጥር ካነሣ በኋላ፣ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ከትናንሽ ከተሞች መንገደኛ ሰብስቦ ወደ ዋና ማዕከላቸው የማምጣቱን ሥራ በኮድ ሼር ስምምነት፣ ማለትም አንዱ የሚያበርረውን በረራ ሌላው በራሱ ስምና ቁጥር በሚሸጥበት ውል፣ ለትናንሾቹ እየሰጡ ሄዱ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ውል እንዲህ ነው፦ ትልቁ የአውሮፕላኑን መቀመጫ በሙሉ ይገዛል፤ ለትንሹ በተነሣው በረራና በበረረው ሰዓት ልክ የተወሰነ ክፍያ ይከፍላል። መቀመጫው ሞላ አልሞላ፣ ነዳጅ ተወደደ ረከሰ፣ ጣጣው የትልቁ ነው። ለትንሹ ድርጅት የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ገቢው አስቀድሞ ከተቆረጠለት ትርፉን የሚጨምረው ወጪ በመቀነስ ነው፤ ነዳጁ የእርሱ ወጪ ካልሆነ ቁጠባው በማን ላይ እንደሚያርፍ መገመት አይከብድም።

በእኛ ላይ ነው። የበረራ አስተናጋጅ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው በተለምዶ በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ ነው። በቀኑ ውስጥ ከባዱ ሥራ፣ ማለትም ሻንጣ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ «መቀመጫዬን ሰው ይዞብኛል» የሚል ጭቅጭቅ፣ ያለቀው ከዚያ በፊት ነው። ሕጉ እስከ 50 መቀመጫ ላለው አውሮፕላን አንድ አስተናጋጅ ይበቃል ስለሚል በትንሿ አውሮፕላን ይህን ሁሉ የምሠራው ብቻዬን ነኝ። ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ዴልታ በ2022 ለመሳፈሪያው ጊዜ የሰዓት ክፍያውን ግማሽ መክፈል ሲጀምር ዜናው በየማረፊያ ክፍሉ ተወራ። ግማሽ! እኛ ግን እንደ ሠርግ ዜና ነበር የተቀባበልነው። ዕረፍትም ቢሆን እንዲሁ ነው፦ ለአብራሪዎች የ10 ሰዓት ዕረፍት በ2014 ተግባራዊ ሆነ፤ ለእኛ ኮንግረስ በ2018 ደንግጎት ደንቡ የወጣው በ2022 ነው።

አብራሪዎቹም ቢሆኑ በነጻ አላገኙትም። በየካቲት 2009 ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረው አውሮፕላን ወድቆ መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ ላይ የተጻፈው የትልቁ አየር መንገድ የኮንቲኔንታል ስም ነበር፤ የሚያበርረው ግን ኮልጋን የተባለ ድርጅት ነው። መርማሪዎቹ ለአደጋው ምክንያት ያሉት አውሮፕላኑ ፍጥነቱ እንዳነሰ ለሚነግረው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠውን የተሳሳተ ምላሽ ቢሆንም፣ በምርመራው ሌላም ነገር ተሰማ፦ ረዳት አብራሪዋ ሥራ ለመድረስ ከሲያትል ሌሊቱን በአውሮፕላን ተጉዛ ነበር፤ የዓመት ደመወዟም 16 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከአደጋው በኋላ በ2010 የወጣው፣ ለአብራሪዎቹ የዕረፍት ደንብም መነሻ የሆነው ሕግ ትኬት ሻጭ ሁሉ በረራውን በእርግጥ የሚያካሂደውን ድርጅት ስም ገና ከመነሻው እንዲያሳይ አስገደደ። አብራሪዎችም ከ2013 ጀምሮ ለመቀጠር በጥቅሉ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቁ ጀመር።

ከወረርሽኙ በኋላ የአብራሪ እጥረት ሲመጣ፣ በ2022 «አሜሪካን» የተባለው ትልቅ አየር መንገድ የራሱ የሆኑት ሦስት ትናንሽ ድርጅቶች ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር መክፈል ጀመሩ። ደስ ብሎኛል፤ ቂም አይደለም። ግን ለዓመታት «ውሉ አይፈቅድም፣ ገንዘብ የለም» ይባል ነበር፤ አውሮፕላን ያለ አብራሪ ሲቆም ገንዘቡ ተገኘ። ለእኛ ሥራ ግን በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ስለማይጠፋ ያ ገንዘብ እስከ አስተናጋጇ መቀመጫ አልደረሰም።

«ድርጅታችን እያደገ ነው» የሚለው ማስታወቂያም አያስፈነድቀኝም። የትልልቆቹ አብራሪዎች ማኅበራት በውላቸው ትናንሾቹ ከ76 መቀመጫና ከ86,000 ፓውንድ ክብደት በላይ የሆነ አውሮፕላን እንዳያበርሩ አስወስነዋል፤ የአውሮፕላኑም ብዛት ገደብ አለው። ስለዚህ የአንዱ ዕድገት ብዙ ጊዜ ከሌላው የተወሰደ ሥራ ነው። ትልቁ ዩናይትድ በ2020 ኤክስፕረስጄት የተባለውን ትንሽ ድርጅት በረራዎች ኮሚውትኤር ለተባለ ሌላ ትንሽ ድርጅት ሲሰጥ አውሮፕላኖቹ ቀጠሉ፤ ሠራተኞቹ ግን የአገልግሎት ተራቸውን ይዘው መሻገር አልቻሉም። በዚህ ሙያ ተራ ማለት ሁሉ ነገር ነው፦ የትኛውን መስመር እንደምትበርሪ፣ ገናን ቤትሽ ማክበር አለማክበርሽን፣ ስንት ዓመት ተጠባባቂ ሆነሽ ስልክሽን ታቅፈሽ እንደምትተኚ የሚወስነው እርሱ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሠራች ሴት ሌላ ድርጅት ስትገባ ከሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ኋላ ትሰለፋለች።

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ለዚሁ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄድ ሦስት ነገር ጠይቂ አልኳት፦ የት ከተማ ትመድቡኛላችሁ፣ ተጠባባቂነቱ ምን ያህል ይቆያል፣ ከትልቁ አየር መንገድ ጋር ያላችሁ ውል መቼ ያበቃል። ሁለቱን መለሱላት። ሦስተኛውን ግን ቃለ መጠይቁን ያደረገችላት ሴት አታውቀውም ነበር። ድርጅቱ አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ስለሆነ ዓመታዊ ሪፖርቱን አብረን ከፈትን፤ የውሎቹ ማብቂያ ዓመታት በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። አሁን ከሌላ ድርጅት ጋር እያወዳደረች ነው።