ዚጊን በቅደም ተከተሉ

ዛሬ ቤቱን ሞልቶት የዋለው የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊ አልበም «ዚጊ ስታርደስት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቶ እስካሁን ያላረጀው በታሪኩ አይመስለኝም፤ ዚጊ ስለተባለ የሮክ ኮከብ የሚያወራው ታሪኩማ ልል ነው። «ኢት ኤይንት ኢዚ» የተባለው ዘፈን የሌላ ሰው ድርሰት ነው፣ ያውም ከቀደመው አልበም ቀረጻ የተረፈ። «ስታርማን» እንኳ የገባው በመጨረሻ ሰዓት፣ የሙዚቃ ኩባንያው አርሲኤ ነጠላ ዘፈን ስለፈለገ ነው። አልበሙን ያቆመው ድምፁ ነው፤ በተለይ የሚክ ሮንሰን ጊታር።

አሰማሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ዘፈን «ፋይቭ ይርስ» የሚገባው በከበሮ ብቻ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ኮቴ ቀስ እያለ ነው። «አይሰማም» ብላችሁ ድምፁን ከጨመራችሁ፣ ኋላ ቦዊ ሲጮህ ጆሯችሁን ይበጥሰዋል። መጀመሪያ የዘፈኑን ማብቂያ አካባቢ ከፍታችሁ ድምፁን በዚያ ለኩ። ዘፈኖቹን ያለ ቅደም ተከተል የሚያጫውተውን ሸፍል አጥፉ። የአንዱን ዘፈን ጭራ ከሌላው ራስ የሚያደባልቀውንም አጥፉ፤ አለዚያ «ዚጊ ስታርደስት» የተባለው ዘፈን አልቆ «ሳፍራጄት ሲቲ» ወዲያው የሚፈነዳባት ቅጽበት ትበላሻለች። 11 ዘፈን፣ 38 ደቂቃ ገደማ ነው። ሸክላ ያለው ከአምስተኛው በኋላ ይገልብጥ።

የሽፋኑ ጀርባ «በከፍተኛ ድምፅ ይሰማ» ይላል። ጎረቤት ካልተኛ።