ያ ግድግዳ የኔም ነው

ቤት ማፍረስ ከመሥራት ይቀላል የሚል ሰው አፍርሶ አያውቅም። እኔ እንኳ ስድስት ዓመት ሳፈርስ ቆይቼ፣ አንዲት እናት ናቸው ሥራዬን ያስተማሩኝ። ያውም ከምጣዳቸው ጋር።

ነገሩ የሆነው ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ነው። ባለቤቱ አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ቤቱን አስፈርሶ ጂ ፕላስ ሦስት ሊያቆም ነው። ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ተወስዷል፣ ቤቱ ቅርስ አለመሆኑም ታይቷል። ሰውየው ግን ችኩል ነው። "ክረምት ሳይገባ መሠረት ላውጣ" እያለ ቀን በቀን ይደውላል። ግንቦት ተጋምሷል። ጎንደር ላይ ሰኔ አንዴ ከገባ ደግሞ ሰማዩ ቀልድ አያውቅም።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልንገራችሁ። ጎንደር የድንጋይ ከተማ ናት ይባላል፤ ድንጋዩን የያዘው ነገር ግን ቤት ለቤት ይለያያል። የፋሲል ግቢ ቤተ መንግሥቶች የተገነቡት በኖራ ነው። ብዙዎቹ ከ300 ዓመት በላይ ዝናብ ችለዋል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እስኪሸነፍ ድረስ ፒያሳ ላይ ያቆማቸው ሕንፃዎች ደግሞ ሲሚንቶ የቀመሱ ናቸው። የሰፈሩ አሮጌ ቤት ግን ብዙው በጭቃ ነው የተያያዘው። እኛ ልናፈርሰው የገባንበትም እንደዚያው ነበር። ከውጭ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ ከውስጥ አንድ ረድፍ፣ መሐሉ በኮረትና በጭቃ የተጠቀጠቀ። ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር። እንዲህ ያለ ግድግዳ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጭቃው ውሃ ከጠጣ ግን ገንፎ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በመብራት ጀመርን። መብራት ኃይል መጥቶ መስመሩን ከምሰሶው ላይ ቆረጠ። ቆጣሪውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ሽቦ እሳቱን እንደያዘ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት በሩ ላይ ቆመዋል።

"መብራቴን ማን ወሰደው?"

ለካ የእሳቸው መስመር ከዚህ ቤት ቆጣሪ የተሳበ ኖሯል። ከድሮው ባለቤት ጋር ተስማምተው ስንት ዓመት በአንድ ቆጣሪ ሲከፍሉ ኖረዋል። ይቅርታ ጠይቄ፣ ባለቤቱ ጋ ደውዬ፣ ከሌላ ጎረቤት በጊዜያዊነት እንዲሳብላቸው አደረግን። በልቤ ግን "እኚህ ሴትዮ ሊያስቸግሩን ነው" ብያለሁ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ቆርቆሮውን አውርደን፣ በርና መስኮቱን ነቅለን፣ የላይኛውን ፎቅ ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ድንጋይ በድንጋይ እያወረድን ነው። ደንቡ ይኸው ነው፤ መጨረሻ የተሠራው መጀመሪያ ይፈርሳል። ግድግዳን ከሥሩ ፈልፍሎ መጣል ሞትን በደብዳቤ መጥራት ነው።

"አንተ ልጅ፣ ያ ግድግዳ የኔም ነው" አሉኝ። "ማድ ቤቴ እሱን ተደግፎ ነው ያለው።"

"እትዬ፣ አንቱ አይስጉ። ካርታው ላይ ግድግዳው የዚህ ግቢ ነው። ደግሞ እኛ ባለሙያዎች ነን።"

"ካርታው ማድ ቤቴን ደግፎ አያቆመውም" ብለው ሄዱ።

ካሳ ፈልገው ነው ብዬ አሰብኩ። ይኸው ነው እውነቱ። በዚህ ሥራ ላይ ጎረቤት ሲመጣ ገንዘብ ፈልጎ ነው ብሎ የማሰብ በሽታ አለብን። አንዳንዴ ልክ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው አንተ የማታየውን እያየ ነው።

ከሠራተኞቻችን መካከል አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። አያ ነው የምንላቸው። እሳቸው ዲጅኖ አያነሱም። መዶሻቸውን ይዘው ግድግዳውን ይዞራሉ፣ በእጀታው ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ከእትዬ ማድ ቤት ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"እዚህ ጋ ሁለቱ ረድፍ ተላቀዋል። መሐሉ ባዶ ይጮሃል። ሆድ እያወጣም ነው።"

ጄሶ በጥብጠው ስንጥቁ ላይ እንደ ፕላስተር ለጠፉበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል። ጄሶ ይሉኝታ የለውም፤ ያየውን ይናገራል።

"በዚያኛው በኩል ባህር ዛፍ አቁምለት" አሉኝ። ለዚያ ደግሞ የእትዬ ግቢ መግባት ነበረብኝ። ካሳ ፈላጊ ብዬ ካሰብኳቸው ሴትዮ ደጅ ሄጄ ፈቃድ መለመን አልፈለግኩም። "ነገ" አልኩ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሠራነውን ስህተት ልዘርዝርላችሁ፤ አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር።

የፎቁን ወለል የተሸከሙት የጥድ ግንዶች ጫፍና ጫፋቸው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ነው። ወለል ብቻ አይደሉም። ሁለቱን ግድግዳ እንደ ቀበቶ አስረው ይይዛሉ። ጥሩ እንጨት ስለነበር፣ ገዢም ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ስድስቱንም በአንድ ቀን መዘን አወጣናቸው። ቀበቶው ተፈታ።

ሲኖትራኩ ደግሞ በዚያ ቀን አልመጣም። ፍርስራሹን ምን እናድርገው? ታችኛው ክፍል ውስጥ ከመርነው። የፈረሰ ግድግዳ ቆሞ ከነበረበት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በድንጋዮቹ መሐል አየር ስለሚገባ ያብጣል። ክምሩ ያንን የታመመ ግድግዳ ተደግፎ ከወገብ በላይ ደረሰ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስልክ እያወራሁ ነበር። አንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። እኔ ይህን እያወቅኩ፣ ያን ሁሉ ክብደት ወደ ጎን እንዲገፋ አሰናድቼለት ስልኬን አወራለሁ።

ሦስተኛው ዝናብ ነው። ሌሊቱን ዘነበ። የግድግዳውን አናት በላስቲክ አልሸፈንነውም ነበር። "ገና ግንቦት ነው" ብለን።

ጠዋት ስንደርስ አያ ቀድመውን ገብተዋል። አናግረው አያውቁም በዚያ ድምፅ።

"ማንም እንዳይገባ! ጄሶው ሁለት ሆኗል!"

ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ሠራተኛውን ሁሉ ወደ መንገድ አወጣን። እኔ ዞሬ በእትዬ በር ሮጥኩ። በሩን እየደበደብኩ "እትዬ! ከማድ ቤት ይውጡ!" እላለሁ። እሳቸው ከዋናው ቤት ብቅ አሉ፤ እጃቸው ላይ ስኒ አለ።

"ማን ማድ ቤት አለ ብሎህ ነው?"

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ትልቅ ድምፅ አይደለም። የጤፍ ጆንያ ሲዘረገፍ እንደሚሰማው ያለ ሽሽታ ነው መጀመሪያ፣ ከዚያ አንድ ከባድ "ዱብ"። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አምስት ሜትር ያህል ግድግዳ ወደ እሳቸው ግቢ ተኛ። አቧራው ሲገለጥ ማድ ቤቱ የለም። ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተጣጥፏል። የጣሪያው ወራጆች አንድ ጫፋቸው አሁንም የእኛ ድንጋይ ውስጥ እንደተሰካ ነው። እውነታቸውን ነበር፤ ማድ ቤቱ የራሱ አራተኛ ግድግዳ ኖሮት አያውቅም። የኛን ነው ሲጠቀም የኖረው።

እኔ እግሬ ከዳኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምጣዱስ?" አልኩ፤ ለምን እሱን እንደጠየቅኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ምጣዱን እህቴ ቤት ወስጄዋለሁ። ትናንትና። ሞሰቡንም፣ ቡሃቃውንም። ልጅቷንም እዚያ እንድትጋግር አድርጌያለሁ።" ስኒውን ፉት አሉ። "አንተን አላመንኩህማ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አለመታመን ያስደሰተኝ ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ወሬ የለውም። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ባለቤቱ ግማሹን፣ እኔ ግማሹን ልንከፍል ተስማማን። የእኔ ድርሻ የሥራውን ትርፍ በልቶታል፣ ይብላው። አዲሱን ማድ ቤት በራሱ አራት ግድግዳ፣ በብሎኬት ሠራንላቸው። እሳቸው ግን አንድ ነገር ጠየቁ። ከፈረሰው ቤት በር ላይ የወረደውን የወይራ መቃን።

"እሱን ለማድ ቤቴ በር አድርግልኝ። እሱ እንኳ አልወደቀም።"

ለሽያጭ ያስቀመጥኩት ነበር። አደረግንላቸው። አያ ራሳቸው ናቸው የጠረቡት።

ካርታ የሚነግርህ መሬቱ የማን እንደሆነ ነው። ማን በማን ላይ እንደተደገፈ ግን ካርታ ላይ አይጻፍም፤ እሱን ለማየት ግድግዳውን ከሁለቱም በኩል ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ አሁን ፈቃድ ከመጣ በኋላ፣ ዲጅኖ ከመነሳቱ በፊት፣ የዋሳኝ ቤቶችን በር በሙሉ አንኳኳለሁ። ጓዳም ቢሆን ገብቼ አያለሁ። ስንጥቅ ካለ ቀኑን ጽፌ ፎቶ አነሳለሁ፣ በኋላ "ይሄ ከድሮም ነበር፣ አልነበረም" እንዳንባባል። ወለል የያዘ እንጨት ካለ፣ ግድግዳው በማግስቱ የሚፈርስ ከሆነ ዛሬ አይወጣም። ሲኖትራክ ካልመጣ ማፍረስ ይቆማል። ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ካርታ ቢጫወት ይጫወት።

ባለፈው ማራኪ አንድ የጭቃ ቤት ልናፈርስ ገባንና እንደ ልማዴ የጎረቤት በር አንኳኳሁ። አንድ አዛውንት ከፈቱልኝ።

"አባባ፣ ከዚያ ማዶ ያለውን ቤት ልናፈርስ ነው። ጓዳዎን ላየው እችላለሁ?"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ጓዳዬን? ምን ልትሰርቅ?"

"ግድግዳውን ለማየት ነው አባባ።"

"ግድግዳ ሰርቆ የሚሄድ ሌባ ገና አሁን አየሁ" አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።