የትንሽ ማግኔት ጠርዝ

በማግኔት ውስጥ የኤሌክትሮኖች ስፒኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የያዟቸው ጥቃቅን ማግኔቶች፣ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ስለሆኑ፣ አንዱ ከአቅጣጫው ሲዘነብል ጎረቤቱንም ይዞ ይዘነብላል፤ ይህ ንቅናቄ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሲጓዝ የስፒን ሞገድ ይባላል። ፌሊክስ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1930 ሐሳቡን ያቀረበው ሙቀት ሲጨምር የማግኔት ጥንካሬ እንዴት እንደሚቀንስ ለማስረዳት ነበር። እኔን ለረጅም ጊዜ የያዘኝ ግን ሞገዱ በጣም ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲታሰር የሚያሳየው ጠባይ ነው።

10 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ ያለው የሬዲዮ ሞገድ በአየር ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ በዚያው ድግግሞሽ የሚንቀሳቀስ የስፒን ሞገድ ግን ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ፐርማሎይ ከተባለው የኒኬልና የብረት ቅይጥ በተሠራ ቀጭን ጥብጣብ ውስጥ፣ ስፋቱ ከማይክሮሜትር ባይበልጥም እንኳ፣ ሞገዱ በሁለቱ ጠርዞች መካከል እየተመላለሰ የቆመ ሞገድ ይፈጥራል። ጥብጣቡ በርዝመቱ አቅጣጫ ከተመገነጠ ነገሩ የተወጠረ ክር ንዝረትን ይመስላል። ልዩነቱ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ስፒኖች ፈጽሞ እንደታሰሩ ወይም ፈጽሞ እንደተለቀቁ አለመሆናቸው ነው፤ በስሌት የሚገባው ስፋት በማይክሮስኮፕ ከሚለካው ጥቂት የሚበልጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥብጣቡ በስፋቱ አቅጣጫ ሲመገነጥ ሁኔታው ይለወጣል፤ ለእኔ ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። በሁለቱ ጠርዞች ላይ ማግኔታዊ ዋልታዎች ይፈጠራሉ፤ እነርሱም ከውጭ የመጣውን ማግኔታዊ መስክ የሚቃወም መስክ ያመነጫሉ። ተቃውሞው ከሁሉ የሚበረታው በጠርዙ አጠገብ በመሆኑ፣ በዚያ ያሉት ስፒኖች የሚሰማቸው መስክ ከመሐሉ ያንሳል፤ መስኩ ሲያንስ ደግሞ የሚዞሩበት ድግግሞሽ ይወርዳል። በዚህም ወደ መሐል ዘልቆ መሄድ የማይችል፣ በጠርዙ ላይ ብቻ የሚኖር ሞገድ ይወለዳል።

ይህ የጠርዝ ሞገድ ስለ ቁሱ ብቻ ሳይሆን ስለ አቆራረጡም ይናገራል። ጠርዙ ሻካራ፣ የተሸረሸረ ወይም የከበበ ከሆነ ድግግሞሹ ይቀየራል፤ የመሐሉ ሞገድ ግን ብዙም አይነካም። በአንድ ላይ ከተቀረጹ ብዙ ጥብጣቦች የሚገኘው የመለኪያ መስመርም (በግራፍ ላይ የአንድን ሞገድ ድግግሞሽ የሚያሳየው ጉብታ)፣ ጠርዞቻቸው እኩል ካልሆኑ፣ በጠርዙ ሞገድ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ የመለኪያ ግራፍ ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የማየው ብዙዎች ችላ የሚሉትን በዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ያለውን የጠርዙን ደካማ መስመር ነው።